መኪናችሁ የሚያጨሰው መቼ ነው?

ደሴ ላይ ለአሽከርካሪዎችና ለመኪና ባለቤቶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሎ የቀረበ

እንደምን ዋላችሁ። አሰላሙ አለይኩም። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ እዚህ ወንበር አለ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቤንዚን መኪና ጭስ ነው። አይሱዙ የምትነዱ፣ ዶልፊን የምትነዱ ቅር አይበላችሁ። ናፍጣ የራሱ ጣጣ አለው፤ ጭሱም በሌላ ዓይን ነው የሚታየው። ዛሬ የተጠሩት ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ፣ አልቶ፣ እንዲሁም አልሞት ባይዋ ዲኤክስ ናቸው።

መኪና አጨሰ ሲባል ሰው ቶሎ ብሎ የሚጠይቀው ቀለሙን ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነጭ ከሆነ ውሃ ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ይህን የታክሲ ረዳት እንኳ ያውቀዋል፤ ትክክልም ነው። በቀለም ብቻ ግን ሞተር አይከፈትም። እኔ ቀለሙን ሰምቼ ወዲያው የምጠይቀው "መቼ ነው የሚያጨሰው?" ብዬ ነው። ጠዋት ሲነሳ ነው? ዳገት ሲወጣ ነው? ቁልቁለት ጨርሶ ነዳጅ ሲሰጠው ነው? ቆሞ ቆሞ ሲንቀሳቀስ ነው? ያው አንድ ሰማያዊ ጭስ በአንዱ ሰዓት ከታየ የጥቂት ጎሚኒዎች ጉዳይ ነው። በሌላው ሰዓት ከታየ ሞተር መውረድ አለበት። በሁለቱ መካከል ያለውን የብር ልዩነት ለእናንተ አልነግራችሁም።

በዚህ በኩል ወሎ ውስጥ የሚነዳ ሰው ታድሏል። ሜዳ ላይ ያለ መካኒክ በመሣሪያ የሚፈልገውን ነገር እኛ መንገድ ላይ በዓይናችን እናየዋለን። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ፤ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ዳገት አለ። ሐረጎን እመለስበታለሁ።

ነገሩ ዛሬ ከበፊቱ የበለጠ ያሳስባል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለችው መኪና እያረጀችም ቢሆን አብራን ትኖራለች። "ሸጬ ሌላ እገዛለሁ" ማለት ቀላል አይደለም። ገበያ ላይ ያለውም ያው የሚያጨሰው ነው።

ጭስ ያልሆነው ጭስ

መጀመሪያ ጭስ ያልሆነውን እናውጣ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በጠዋት ከቧንቧ ውሃ ወደ ፒያሳ ብትሄዱ መኪናው ሁሉ ነጭ ሲተፋ ታያላችሁ። ይህ እንፋሎት ነው። ቤንዚን ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲቃጠል ውሃ ይፈጥራል። መጠኑም ቀላል አይደለም፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። የጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው፣ ሲሞቅ ውሃው በማይታይ እንፋሎትነት ይወጣል። ማርሚታው ቀዝቃዛ ሲሆን፣ አየሩም የደሴ የጠዋት አየር ሲሆን፣ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከጭራው ጠብ ጠብ የሚለውም እሱ ነው።

ምልክቱ ቀላል ነው። እንፋሎት ከማርሚታው ትንሽ እልፍ እንዳለ ይጠፋል። ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ደቂቃ ጉዞ በኋላ ደግሞ ጭራሹን አይታይም። እንደዚህ ከሆነ ጋራዥ አትሂዱ። ሄዳችሁ "ነጭ ያጨሳል" ካላችሁ የሚያወርድላችሁ አይጠፋም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በብርድ ጠዋት መኪናችሁን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አስነስታችሁ አታሙቁ። ከጭሱ ሁሉ ገዳዩ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሰል ዘግተው ያደሩ ሰዎችን የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከመኪናም ይወጣል። ምንም የማያጨስ መኪናም ያወጣዋል። በሩን ክፈቱ፣ ወደ ውጭ አውጡት፣ ከዚያ ይሙቅ።

ውሃ እየጎደለ ነጭ ሲሆን

ሞተሩ ሞቆም ነጩ ካልጠፋ፣ ወፍራም ሆኖ አስፋልቱ ላይ ከተንሳፈፈ፣ ያኔ ራዲያተሩን እንጠርጥር። አንቱፍሪዝ ያለው ማቀዝቀዣ የሞላችሁ ከሆነ ጭሱ ጣፈጥ ያለ ሽታ ይኖረዋል። ውሃ ብቻ የሞላችሁ ከሆነ ግን ሽታ አትጠብቁ። ብዙዎቻችን ደግሞ የምንሞላው ውሃ ነው።

ውሃው ወደ ማቃጠያው ክፍል የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ማሸጊያ የሆነው ጓርኒሲዮን ሲቃጠል ነው። ቴስታታው ራሱ ተጣሞ ወይም ተሰንጥቆም ሊሆን ይችላል። "መቼ" የሚለው ጥያቄ እዚህም ይሠራል። መኪናው ጠዋት ሲነሳ ለአፍታ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ሲሊንደር አልሠራም ይላል። ከዚያ ነጭ ደመና ይወጣና ሞተሩ ይስተካከላል። ይህ ማለት ማታ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በራዲያተሩ ውስጥ የቀረው ግፊት ውሃውን በተቃጠለው ጓርኒሲዮን በኩል ወደ ሲሊንደሩ ሲገፋው አድሯል ማለት ነው። ቤንዚኑን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ፍቱና ጎን ለጎን ደርድሯቸው። ሦስቱ ፈካ ያለ ቡናማ ሆነው አንዱ ታጥቦ የተወለወለ ከመሰለ ውሃው የሚገባው በእሱ በኩል ነው። በእንፋሎት እየታጠበ ነው የጸዳው።

ሌላም አለ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ፣ ልብ በሉ ቀዝቅዞ እያለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱና አስነሱት። ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከተንፈቀፈቀ የሞተሩ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። አንዳንድ ጋራዥ ለዚህ የሚሆን ሰማያዊ ፈሳሽ አለው፤ ራዲያተሩ አፍ ላይ ይደረጋል፤ የተቃጠለ ጋዝ ካገኘ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ያ ፈሳሽ ያለው መካኒክ ካገኛችሁ አጥብቃችሁ ያዙት። በሞቀ ሞተር ላይ ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱ ምን እንደሚሆን የምታውቁ እዚህ አላችሁ።

የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ስታዩ ግን አትደንግጡ። በብርድ አገር አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና፣ ከቤት ሥራ ከሥራ ቤት የሚል፣ ክዳኑ ሥር ጤዛ ይይዛል። ከዘይቱ ጋር ሲደባለቅ ይነጣል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጡት። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹህ ከሆነ ረዥም መንገድ ሂዱበት፤ ይጠፋል። ዘንጉም ወተት ከሆነ ሞተሩን አጥፉና ለምኑ፣ አስጎትቱ፣ አትንዱት።

ጓርኒሲዮን በአብዛኛው ዝም ብሎ አይቃጠልም። ሙቀት ነው የሚያቃጥለው። እዚህ ላይ የእኛ ከፍታ የራሱ ነገር አለው። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ደሴ ላይ ግን 92 ዲግሪ ሳይሞላው ይፈላል። የብዙ ሞተር መደበኛ ሙቀት ደግሞ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታዲያ ውሃው የማይፈላው ለምንድን ነው? የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው። ጤነኛ ክዳን ያንኑ ውሃ ደሴ ላይ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎሚኒው ያለቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ይህን አይችልም። ቆላው ሚሌ ላይ ቢሆን ትንሽ ይታገሳችሁ ነበር። ኮምቦልቻ አምስት ሰው ጭናችሁ ሐረጎን ስትወጡ ግን አይታገሳችሁም። በዚህች ርካሽ ክዳን ምክንያት የተጣመመ ቴስታታ ስንት እንዳለ መካኒኮቻችንን ጠይቁ።

ሰማያዊው እና ሐረጎ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። አብዛኛው የኛ አገር ቤንዚን መኪና የሚያጨሰው ሰማያዊ ነው። እርጅና ነዋ።

ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል የሚገባባቸው ዋና በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከላይ፣ በቫልቩ ዘንግ ዙሪያ ነው። እዚያ ዘይቱን የምትጠርግ ትንሽ ጎሚኒ አለች፤ የቫልቭ ሲል የምንላት። ዓመታት ሙቀት ሲፈራረቅባት ትደርቃለች፤ ትጠነክራለች፤ መጥረግ ትተዋለች። ሁለተኛው ከታች፣ ፒስተኑን በከበቡት ሪንጎች በኩል ነው። የላይኛው በር ከተበላሸ ጥገናው ቀለል ይላል። በብዙ ሞተር ላይ ጎበዝ መካኒክ ሲሊንደሩን በአየር ሞልቶ ቫልቮቹን ደግፎ፣ ቴስታታው ሳይወርድ ሲሉን ይቀይረዋል። የታችኛው ከሆነ ሞተር ይወርዳል፣ ይፈታል፤ ምናልባትም ሲሊንደሩ ይቦረቦራል።

ሁለቱን መለየት ነው እንግዲህ ቁም ነገሩ። ጠዋት ሲነሳ አንዴ ሰማያዊ ቡን አድርጎ ጸጥ ካለ፣ ማታ በላይኛው በር ዘይት ሲንጠባጠብ አድሯል። ችግሩ የቫልቭ ሲሉ ነው። ቆይቶ ካላጨሰ እድሜ አለው፤ አትቸኩሉ።

ከዚህ በላይ እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ሐረጎን ተጠቀሙበት። ከደሴ ውጡ። ሞተሩ ደንበኛ ሙቀቱን ይያዝ። ቁልቁለቱ ላይ ማርሹን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አድርጉና እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሡ። አውቶማቲክ ከሆነ ዝቅተኛውን ማርሽ ምረጡ። ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይያዘው። በዚህ ጊዜ የአየር መግቢያው ተዘግቷል፤ ፒስተኖቹ ግን በፍጥነት እየተመላለሱ ነው። አፉን ታፍኖ ለመተንፈስ እንደሚታገል ሰው ካገኙበት ቀዳዳ ሁሉ ይስባሉ። ሲሉ ካለቀ በቫልቩ ዘንግ ዳር ዘይት ይስባሉ። ዘይቱ ቁልቁለቱን ሁሉ ሲጠራቀም ይቆያል። መንገዱ ሜዳ ሲሆንላችሁ ነዳጅ ስጡት። ከኋላ ወፍራም ሰማያዊ ደመና ቡን ብሎ ወጥቶ ወዲያው ከጠፋ የቫልቭ ሲል ነው።

ይህን ለማየት መስታወት ላይ አትፍጠጡ። ሐረጎ ኩርባ ነው። ጓደኛችሁ በሌላ መኪና ከኋላ ይከተል፤ ከእሱ ጎን የተቀመጠ ሰው በስልክ ይቅረጽላችሁ። ስልኩን ሹፌሩ አይያዝ። ቪዲዮው በኋላ ለመካኒኩ ብዙ ወሬ ያተርፍላችኋል።

በነገራችን ላይ፣ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ ነጻ አድርጎ ሐረጎን የሚወርድ ሰው አሁንም አለ። ለምርመራውም አይሆንም፤ ለነፍሱም አይሆንም። ፍሬኑ ይግላል፤ ሲግል አይዝም። ቁጠባም የለውም። አዳዲሶቹ በኢንጄክሽን የሚሠሩ መኪኖች በማርሽ ተይዘው ሲወርዱ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጋዋል። ነጻ ሲያደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መጠጣቱን ይቀጥላል።

ኮምቦልቻ ደረሳችሁ። ቡናችሁን ጠጡና ተመለሱ። አሁን ዳገቱ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል። ከፒስተኑ በላይ ያለው ግፊት ትልቅ ነው። ሪንጎቹ ካለቁ ጋዙ ወደ ታች ያመልጣል፤ ግድግዳው ላይ የቀረው ዘይት ይቃጠላል። ሰማያዊው ጭስ ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር እየወጣ ደሴ ድረስ ከተከተላችሁ ጉዳዩ ሪንግ ነው። ቤት ስትደርሱ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን በጥንቃቄ አንሡት። ከውስጥ ጭስ በግፊት ቱፍ ቱፍ ካለ ጥርጣሬያችሁ ይበረታል።

እንግዲህ ቁልቁለቱ ስለ ሲሉ ይነግራችኋል፤ ዳገቱ ስለ ሪንጉ። በቁልቁለቱም በዳገቱም ካጨሰ? ሁለቱም አልቀዋል፤ ወይም ዘይት የሚጠርገው ታችኛው ሪንግ ከካርቦን ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። አዲስ አበባ የምትመላለሱ ደግሞ ጣርማ በርን አላችሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ያው ፈተና ነው፤ ረዘም ያለ ብቻ።

ሞተር ከመፈታቱ በፊት ግን ሁለት ርካሽ ነገሮችን አጣሩ። አንዱ የሞተሩ መተንፈሻ ነው፤ ፒሲቪ ቫልቭ የሚሉት። ጣት የምታህል ነገር ናት። በብዙ ቶዮታ ላይ የቫልቩ ሽፋን ላይ ተሰክታ ታገኟታላችሁ። አውጥታችሁ በጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቋት። ከተንኮሻኮሸች ደህና ናት። ዝም ካለች በዝቃጭ ተዘግታለች። እሷ ስትዘጋ ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ዘይቱን በየበሩ ይገፋዋል። ያልደከመ ሪንግ እንኳ የደከመ ያስመስላል።

ሌላው የዘይት ልክ ነው። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይትም ያጨሳል። "ይጨመርበት" ብሎ ዘይት የሚወድ ሰው ብዙ ነው። ልኩን ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ለኩት። ሜዳ ስል ደሴ ውስጥ ሜዳ ፈልጉ ማለቴ ነው፤ ከባድ የቤት ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ። መኪና ዳገት ላይ ቆሞ የተለካ ዘይት ወይ ጎደለ ወይ ሞላ ይላችኋል፤ ሁለቱም ውሸት ነው።

ዘይት ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውንም በግምት አትተዉት። ደሴ ላይ እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉት። አዲስ አበባ ደርሳችሁ ስትመለሱ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያው ቦታ ላይ ቆማችሁ እንደገና ለኩ። ቶዮታን ጨምሮ አንዳንድ አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ድረስ ሊፈጅ ይችላል ይላሉ። ይህ የመጨረሻው ድንበር ነው፤ ጤንነት አይደለም። እንደ እኔ ግማሽ ሊትር ከጎደለ ክትትል ይጀመር። ደግሞ እ.ኤ.አ. 2000 አካባቢ የተሠሩ አንዳንድ 1.8 ሊትር ሞተር ያላቸው ኮሮላዎች ከፋብሪካው ጀምሮ ችግር ነበረባቸው። ፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለነበሩ ቶሎ ይደፈናሉ። አምራቹ በኋላ አሻሽሎታል። እንዲህ ያለ መኪና ካላችሁ ዘይት በጊዜው መቀየር ለእናንተ ምርጫ አይደለም።

ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ሳይክል ያላችሁ፣ የእናንተ ሰማያዊ ጭስ ተፈጥሮው ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ እንዲቃጠል ተሠርቷል። አታስቡ።

ደሴ ላይ የተለካ ኮምፕሬሽን

ይህን ነገር ሳልናገር ብወርድ ይቆጨኛል። ሰማያዊ ያጨሰ መኪና ጋራዥ ሲገባ ደንበኛ መካኒክ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጥረውን ግፊት፣ ይለካል። ጥሩ ነው። ሞተሩ ይሞቃል፤ ካንዴላዎቹ በሙሉ ይወጣሉ፤ እሳቱና ቤንዚኑ ይቋረጣል፤ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይረገጣል፤ ማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል። የግፊት መለኪያው ሰዓት ቁጥር ይሰጣል።

ቁጥሩን ከመጽሐፍ ወይም ከኢንተርኔት ቁጥር ጋር ሲያስተያዩት ነው ጥፋቱ። የመጽሐፉ ቁጥር በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ላለ አየር የተጻፈ ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከዚያ ሩብ ያህል ያንሳል። ሲሊንደሩ ያላገኘውን አየር ሊያምቅ አይችልም። መጽሐፉ 12 ባር የሚለው ጤነኛ ሞተር ደሴ ላይ 9 አካባቢ ቢያሳይ ምንም አልሆነም። ኮምቦልቻ ወርዶ ቢለካ ወደ 10 ይጠጋል። አንድ ሞተር ነው፤ አገሩ ነው የተለወጠው። በዚህ ምክንያት ብቻ "ኮምፕሬሽን የለውም" ተብሎ የተፈረደበት ሞተር የለም ብላችሁ ነው?

ስለዚህ እርስ በርሳቸው አስተያዩአቸው። አራቱም 9፣ 9፣ 8.8፣ 9 ካሉ ሞተሩ ሰላም ነው። አንዱ ብቻ 6 ካለ እሱ ጋ ችግር አለ። ቀጥሎ መካኒኩ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጠብ ያድርግና እንደገና ይለካ። ቁጥሩ ወደ ላይ ከዘለለ ዘይቱ ሪንጉን ለጊዜው ደፍኖለታል ማለት ነው፤ ያለቀው ሪንግ ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። ይህ ሙከራ ደቂቃዎችን ነው የሚፈጀው። ይህን ሳያደርግ "ሞተሩን እናውርደው" የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉ።

ጥቁሩ

ጥቁር ጭስ ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው። ከሦስቱ የማያስፈራው እሱ ነው፤ ኪስን ግን እሱ ነው የሚጎዳው። ካንዴላውን ፈታችሁ በጣታችሁ እሹት። ደረቅ ጥላሸት ከሆነና ከጣታችሁ ላይ ከተራገፈ ቤንዚን በዝቷል። እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ግን ያ ዘይት ነው፤ ወደ ሰማያዊው ተመለሱ። የማርሚታውን አፍ ውስጡን በነጭ ሶፍት ጠርጋችሁም ይህንኑ ማየት ትችላላችሁ። ቀዝቅዞ እያለ ይሁን።

ዲኤክስና ሌሎች ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚደባልቀው ዕቃ) ያላቸው መኪኖች ላይ ከፍታው ራሱ ያጨሳቸዋል። ካርቡራቶር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ሚሌ በረሃ ላይ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደሴ ሲወጣ ያው ቤንዚን ለቀነሰ አየር ይሰጣል፤ ጥቁር ያጨሳል፤ ጉልበት ያጣል። ደሴ የተስተካከለው ደግሞ ሚሌ ሲወርድ ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ይሞቃል፤ ዳገት ላይ ይንኳኳል። ስለዚህ መኪናውን የምትውሉበት ከፍታ ላይ አስተካክሉት። ሞተሩ በብርድ ሲነሳ አየር የሚቀንሰው ቾክ ተጣብቆ እንዳልቀረም እዩ። የጠጠር መንገድ የምትሄዱ የአየር ማጣሪያውን አትርሱ። በኮምፕሬሰር እየነፉ ዓመት መጠቀም ግን ወረቀቱን ይቀደዋል። አቧራው ያኔ ሪንጉን ነው የሚበላው።

በኢንጄክሽን የሚሠራ መኪና ከፍታውን ራሱ ያስተካክላል። ጥቁር ካጨሰ የሆነ ሴንሰር ዋሽቶታል። ብዙ ጊዜ የሚዋሸው የውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው። ሞተሩ ሞቆ እያለ "ቀዝቃዛ ነው" ይለዋል፤ ኮምፒውተሩም አምኖ ቤንዚን ይጨምራል። የኦክስጅን ሴንሰር ወይም የሚያፈስ ኢንጄክተርም ሊሆን ይችላል። ይህን መገመት ጊዜ ማባከን ነው። በስካነር አስመርምሩት። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አሽትታችሁ ቤንዚን ቤንዚን ካለ ግን ሳትዘገዩ ዘይቱን ቀይሩ፤ የቀጠነ ዘይት የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ኩሽኔታ አያድንም።

መኪና ልትገዙ ስትሄዱ

ደላላው "መኪናው ተነስቶ እየጠበቀህ ነው" ካላችሁ ነገ ጠዋት እመጣለሁ በሉት። ጭስ ያለው መኪና ሞቆ ነው የሚታየው። ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ቀዝቃዛ ከሆነ አንዳችሁ አስነሱ፤ አንዳችሁ ከኋላ ቁሙ። ቀጥሎ ለአምስት ደቂቃ በሚኒሞ ዝም ብሎ ይዙር። ከዚያ ነዳጅ ስጡት። ሰማያዊ ቡን ካለ ሲሉ ደክሟል። ዋጋ ቀንሱበት እንጂ አትሽሹ። ሐረጎን አንዴ ወርዳችሁ ካልወጣችሁበት ግን ብር አትቁጠሩ። ባለቤቱ ዳገቱን አልወጣም ካላችሁ መልሱን ሰጥቷችኋል።

አሁን ጥያቄ።

አዎ፣ ጋሼ። "ወፍራም ዘይት ቢሞላ ጭሱ ይጠፋል ወይ?" ነው ያሉት። ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። 20ደብልዩ50 የሚባለው ወፍራም ዘይት ያለቀ ሪንግን ትንሽ ይደግፈዋል። ለእርስዎ ዲኤክስ አይከፋም። ለቪትዝ ግን እኔ አልመክርም። ቪትዝ ቀጭን ዘይት እንዲዞርበት ነው የተሠራው። በደሴ ብርድ ወፍራም ዘይት ላይኛው የሞተር ክፍል እስኪደርስ ይዘገያል፤ በዚያች ጊዜ ብረት ከብረት ይፋጫል። ጭስ ያጠፋል ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውም አብዛኛው ያው የሚያወፍር ነገር ነው። መኪና ሻጮች ለምን እንደሚወዱት አሁን ገባዎት።

እህቴ፣ አንቺ ደግሞ "እያጨሰ አዲስ አበባ ልሄድበት እችላለሁ?" ብለሻል። ሰማያዊ ከሆነ ሂጂ። ዘይት ያዥ፤ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ብርሃን ላይ ለኪው። ጥቁር ከሆነም ያደርስሻል፤ ቤንዚን ግን በደንብ ያዥ። ነጭ ሆኖ ራዲያተሩ ውሃ የሚጨርስ ከሆነ ኮምቦልቻም አትውረጂ። እዚሁ ደሴ ጋራዥ ይግባ።